ቨርጂኒያ ውስጥ ለአሮጌ መኪና አንቲክ ታርጋ ስለማውጣት

የምነዳት ቢጫ የ1974 ቮልስ ናት። አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንቲክ ታርጋ ለጥፋ ስትዞር የሚያያት ሐበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ "ይሄን ታርጋ እንዴት አወጣኸው?" ነዳጅ ማደያ ላይ የሚያስቆመኝ አለ። ለቅሶ ቤት ጎኔ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝም አለ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የምጽፈው ሕግ የቨርጂኒያ ነው። የሌላ ስቴት ሰዎች ወደ መጨረሻው ገደማ ትንሽ ነገር አለኝ፤ ግን የራሳችሁን ዲኤምቪ (ታርጋና መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት) ጠይቁ።

በቅርቡ አንድ ልጅ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ የ98 ኮሮላ አለችኝ። 25 ዓመት አልፏታል አይደል? አንቲክ ታርጋ ላድርግላት።"

"ምን ትሠራባታለህ?" አልኩት።

"ሥራ እሄድባታለሁ። ማታ ማታ ምግብ አደርስባታለሁ።"

"ታዲያ አንቲኩ ለምን አስፈለገህ?"

ዝም አለ። ሲቆይ ነገሩ ወጣ። የመኪናዋ የፊት እግር ላልቶ ኢንስፔክሽን (የደኅንነት ምርመራ) ወድቃለች። አንቲክ ታርጋ ያለው መኪና ዓመታዊ ኢንስፔክሽን አይገባም ሲባል ሰምቷል። የሰማው እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ አንቲክ የሚለው መኪና ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ 25 ዓመት። ሁለተኛው ደግሞ መኪናው የተያዘው ለስብስብ ብቻ መሆኑ ነው። ማለትም ወደድነው፣ አስቀመጥነው፣ አንዳንዴ እናወጣዋለን። እንጀራ የምንበላበት መኪና በዕድሜው አያት ቢሆን እንኳ እዚህ ውስጥ አይገባም። ሕጉ በግልጽ ስም ጠርቶ የከለከለው ነገር ቢኖር በየቀኑ ወደ ሥራ መመላለስን ነው። ልጁን "የፊት እግሯን አሠራና መደበኛ ታርጋህን ይዘህ ሥራ" አልኩት። ቅር ብሎት ስልኩን ዘጋ።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ታርጋው ርካሽ ነው፣ በየዓመቱ አይታደስም፣ ኢንስፔክሽን የለበትም። ይህን ሁሉ ሲሰማ ሰው ዓይኑ ይበራል። ግን በምትኩ መንገድ ላይ የመውጣት መብታችሁን እየቆረጣችሁ ነው የምትሰጡት። የሬጅስትሬሽን ካርዱ ላይ ራሱ አጠቃቀሙ የተወሰነ እንደሆነ ይጻፋል። ፖሊስ አስቁሞ ካየው የመጀመሪያ ጥያቄው "ወዴት ነህ?" ነው።

ታዲያ ወዴት ይኬዳል? ወደ መኪና ትርዒት፣ ወደ ክለብ ስብሰባ፣ ወደ ሰልፍ፣ ወደ ጉብኝት ይኬዳል። ጋራዥ ወስዶ ማሠራትና ከተሠራ በኋላ መሞከርም ይፈቀዳል። ከዚህ ሌላ አልፎ አልፎ ለመዝናናት መንዳት ይቻላል፤ ከቤት እስከ 250 ማይል ድረስ። 250 ማይል ቀላል አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ኖርፎክ ትደርሳላችሁ። እኔ የምወደው ግን ስካይላይን ድራይቭ ነው። ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ ተራራው ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ስለሆነ ቮልስ ይዞ ከኋላ ክላክስ የሚያደርግብህ የለም። ያ መንገድ ለቮልስ የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

ሰው ማሳፈር ይፈቀዳል። የግል ዕቃ መያዝም እንዲሁ። የምታገባ እህት ካለቻችሁ በአንቲክ መኪናችሁ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ፎቶ ቦታ ብትወስዷት ማንም ምንም አይላችሁም። መኪናውን ለሠርግ እያከራዩ ብር መቀበል ግን ሕጉ ከዘረዘራቸው አጠቃቀሞች ውስጥ የለም። "በየሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብሄድበትስ?" ያለኝም ሰው አለ። ሕጉ "አልፎ አልፎ" ነው የሚለው። በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር አልፎ አልፎ ነው ብዬ ዳኛ ፊት ለመከራከር እኔ አልደፍርም።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ዕድሜው የሚቆጠረው በሞዴል ዓመት ነው። ቀኑም ጃንዋሪ 1 ነው። የ1999 ሞዴል መኪና 2024 ሲገባ ዕድሜው ደረሰ፤ ከፋብሪካ የወጣበትን ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ሞዴሉን በሻጩ አፍ አትመኑ። ከ1981 ወዲህ የተሠራ መኪና ከሆነ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ቪን (የመኪናው መለያ ቁጥር) አለው። ከግራ ጀምራችሁ አሥረኛውን እዩ። ደብሊው ከሆነ 1998 ነው፣ ኤክስ 1999፣ ዋይ 2000፣ አሃዙ 1 ከሆነ ደግሞ 2001። ይህን ማንም ሰው የመኪናውን የፊት መስታወት ጥግ አይቶ በደቂቃ ያረጋግጣል።

ከ1981 በፊት የተሠሩት እንደየፋብሪካው ነው። ቁጥራቸውም አጭር ነው። የኔን ቮልስ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ቮልስ ነው። ቁጥሩ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ በመስታወቱ በኩል ይታያል። ዋናው ግን ሻንሲው ላይ የተመታው ነው። የኋላውን ወንበር መቀመጫ ወደ ላይ ትነቅላላችሁ። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፤ እሱን ተጠንቀቁ፣ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ነው። መሐል ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጎበጥ ያለ ላሜራ አለ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በጨርቅ ስትጠርጉት ቁጥሩ ብቅ ይላል። የኔ 114 ብሎ ይጀምራል። 11 ተራው ቮልስ መሆኑን ይናገራል፤ ሦስተኛው አሃዝ 4 ደግሞ የ1974 ሞዴል መሆኑን።

እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። በመሞረጃም አትንኩት። ዝገት ቢኖርበት እንኳ ትንሽ ዘይት ነክታችሁ በጨርቅ አሹት። የተፋገፈገ የሻንሲ ቁጥር የተሰረቀ መኪና ነው የሚመስለው፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ አይጣል ነው።

አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። የቮልስ የሞዴል ዓመት ኦገስት ላይ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የ1974 ቮልስ በር ጫፍ ላይ ያለው ስቲከር 1973 መጨረሻ ላይ ተሠራ ሊል ይችላል። አትደንግጡ። ታይትሉ (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ 1974 ካለ ትክክል ነው።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ታይትሉን አጠገቡ አድርጉና አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። በዓይን ብቻ ሳይሆን ጮክ ብላችሁ፤ አንዱ ያንብብ ሌላው ይከተል። አንድ ወዳጄ ፔጆ 504 ገዛ። መኪናዋ ከሌላ ስቴት ነው የመጣችው። ታይትሉ ላይ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። ከዓመታት በፊት አንዱ ጸሐፊ ሲተይብ የሠራው ስህተት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ወዳጄ ብር ከከፈለ በኋላ ነው ያየው። ሻጩ ደግ ሰው ስለሆነ በራሱ ስቴት ታይትሉን አስተካክሎ ላከለት። ደግ ባይሆንስ? ስለዚህ ይህ ሥራ የሚሠራው ከክፍያ በፊት ነው።

በጣም የቆዩ መኪናዎች ላይ፣ በ1940ዎቹና ከዚያ በፊት በተሠሩት፣ አንዳንድ ስቴቶች በሞተር ቁጥር ነበር የሚመዘግቡት። ሞተሩ በመሐል ተቀይሮ ከሆነ ታይትሉና መኪናው አይተዋወቁም። እንዲህ ዓይነት መኪና ዓይናችሁን ከጣላችሁበት መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ።

ታይትል የሌለው መኪና ሌላ ጉድ ነው። ሁሉም ታይትል አልባ መኪና የተሰረቀ አይደለም። ለምሳሌ ኒውዮርክ ለ1972 እና ከዚያ በፊት ላሉ ሞዴሎች ታይትል አትሰጥም፤ የሚተላለፍ ሬጅስትሬሽን ነው ያላቸው። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ሻጩ በስሙ ያለውን ሬጅስትሬሽንና የሽያጭ ወረቀት በፊርማ ያስረክባችሁ። ታይትል የሚሰጥ ስቴት ውስጥ ሆኖ "ጠፍቶብኛል፣ አንተ ታወጣዋለህ" የሚላችሁን ግን "አንተው አውጣውና እገዛሃለሁ" በሉት። ምትክ ታይትል ማውጣት ለባለቤቱ ቀላል ነው። ለናንተ ግን ዳገት ነው።

የእኛን ሰው የሚመለከት አንድ ልማድም አለ። ሻጩ ታይትሉ ጀርባ ላይ ይፈርማል፣ የገዢውን ስም ባዶ ይተወዋል። ገዢው ስሙን ሳይሞላ ለሌላ ይሸጣል። ያም ለሌላ። ወረቀቱ እናንተ ጋ ሲደርስ የፈረመውን ሰው ማንም አያውቀውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ዲኤምቪ መስኮት ላይ መቆም የራስን ቀን ማበላሸት ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ታይትልም እንዲሁ። ነጭ ቀለም ቀብተው የጻፉበትን ከሩቁ ሽሹት።

ስማችሁንም እዩ። መታወቂያችሁ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ሆኖ ታይትሉ ላይ የአባት ስም ከሆነ፣ ወይም አንዱ ጋ በሁለት ኢ ሌላው ጋ በአንድ ከተጻፈ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ሁለት ሰው ናችሁ ነው የምትለው። ስትገዙ ሻጩ ታይትሉ ላይ ስማችሁን የሚጽፈው መንጃ ፈቃዳችሁን እያየ ይሁን።

ሁለተኛው ዋና ነገር ሌላ መኪና ነው። ቨርጂኒያ አንቲክ ታርጋ የምትሰጠው ሌላ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ያላችሁ ወይም ዘወትር የምትጠቀሙበት መሆኑን ስታሳዩ ነው። ማመልከቻው ላይ የዚያን መኪና መረጃ ትሞላላችሁ። የግድ በስማችሁ መሆን የለበትም፤ ዘወትር የምትነዱት መሆኑ ይበቃል። የትዳር ጓደኛችንን መኪና የምንጋራ ሰዎች እንግዲህ ደስ ይበለን። ግን ቤት ውስጥ ያለው መኪና ያ አሮጌው ብቻ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ኢንሹራንስ። ድሮ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያ ቀርቷል። አንቲክም ቢሆን ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ዝቅተኛው መጠንም ጨምሯል፤ ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለብዙ ሰው 100,000፣ ለንብረት 25,000።

እዚህ ላይ የኔ ምክር መደበኛ ኢንሹራንስ ላይ አሮጌውን መኪና መጨመር ሳይሆን የሰብሳቢ ኢንሹራንስ መጠየቅ ነው። ይህን ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ መደበኛዎቹም አንዳንዶቹ ይሸጡታል። ልዩነቱ የሚታየው መኪናው ሲጋጭ ነው። መደበኛው ኢንሹራንስ መኪናው "አርጅቷል" ብሎ የሳንቲም ዋጋ ይሰጠዋል። የሰብሳቢው ግን መጀመሪያ ላይ በዋጋ ትስማማላችሁ፤ ከጠፋ ወይም ከወደመ የተስማማችሁበትን ነው የሚከፍለው። ለመኪናው ፎቶ ይጠይቃሉ። ማታ የሚያድርበት የሚቆለፍ ጋራዥ መኖሩን ይጠይቃሉ። የዘወትር መኪና እንዳላችሁም ይጠይቃሉ። የአፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ የሚያድር ከሆነ አንዳንዶቹ አይቀበሉም፤ ስለዚህ መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ።

አሁን ሒሳቡ። አንቲክ ታርጋው ከነሬጅስትሬሽኑ 50 ዶላር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መኪናው በስማችሁ እስካለ ድረስ ያገለግላል፤ በየዓመቱ ቦሎ መለጠፍ የለም። መኪናውን ገና ከገዛችሁት ግን ታይትሉን ወደ ስማችሁ ማዞር አለ። የታይትል ክፍያው 15 ዶላር ነው። የሽያጭ ታክሱ 4.15 በመቶ ሲሆን ከ75 ዶላር አያንስም። በ6,000 ዶላር የገዛ ሰው ታክሱ 249 ይሆናል፤ ታይትሉንና ታርጋውን ስትደምሩ 314 ዶላር። በ1,000 ዶላር የገዛው በሒሳቡ 41 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነበር የሚደርስበት፤ ዝቅተኛው ስላለ ግን 75 ይከፍላል። የሽያጭ ወረቀት ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የሚሉትን ነገር ተዉት። ቆጠብኩ ብሎ ጣጣ መግዛት ነው።

ዲኤምቪ ስትሄዱ ታይትሉን፣ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ የኢንሹራንሱን ማስረጃ፣ የዘወትር መኪናችሁን የሬጅስትሬሽን ካርድና የሽያጩን ወረቀት በአንድ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። መስኮቱ ላይ "አንቲክ" ማለታችሁን አትርሱ። እንዲሁ "ታርጋ እፈልጋለሁ" ካላችሁ መደበኛውን ይሰጧችኋል። የታይትል ማመልከቻውና የአንቲክ ማመልከቻው የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ቤት ሞልቶ መምጣት ይቻላል።

ማመልከቻው ላይ ከምትፈርሙባቸው ነገሮች አንዱ መኪናው በመንገድ ላይ ያለ አደጋ መነዳት የሚችል መሆኑ ነው። ይህን ሰው ሳያነብ ነው የሚፈርመው። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። መንግሥት ኢንስፔክተሩን አነሳላችሁ ማለት ኢንስፔክተሩ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው።

ከመፈረሜ በፊት የማያቸውን ልንገራችሁ። ጎማ፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ያረጀ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ። 2315 ካለ በ2015 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ቁጥሩ አራት ሳይሆን ሦስት አሃዝ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥርሱን እንኳ ሳታዩ ጣሉት። ፍሬን፤ የኔ ቮልስ አራቱም እግሯ ከበሮ ፍሬን ነው፤ ዲስክ የለውም። ስለዚህ አንዱ ጎን ይዞ ሌላው ካልያዘ መሪው ወደ አንድ በኩል ይጎትታል። ባዶ ፓርኪንግ ላይ መሪውን ለቀቅ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙና እዩት። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቱን ይይላችሁ።

የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ የቤንዚን ጎማ ቧንቧውን ሳታዩ አታልፉ። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ይሞቃል፣ ቧንቧው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። በእጃችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ስንጥቅ ካሳየ ሳታመነቱ ቀይሩት። ርካሽ ነው። እኔ ደህና የሚመስለውንም እቀይራለሁ፤ መኪናው ውስጥ ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ሳይዙ ቮልስ የሚነዱ ሰዎችንም አላምንም።

ስለ ኤሚሽን (የጭስ ምርመራ) ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፕሪንስ ዊሊያምና አካባቢው ያለ መኪና የኤሚሽን ምርመራ አለበት። አንቲክ ታርጋ ያለው ግን ከዚያም ነፃ ነው።

ታርጋው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስቴቱ የሚሰጣችሁ አንቲክ ታርጋ ነው። ሌላው ቪንቴጅ የሚባለው ሲሆን የመኪናችሁን ዓመት የተጻፈበት እውነተኛ የድሮ የቨርጂኒያ ታርጋ ፈልጋችሁ እሱን ማስመዝገብ ነው። የድሮ ዕቃ ገበያዎች ላይ፣ የመኪና ትርዒቶች ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የ1950ዎቹ መኪና ላይ የራሱ ዘመን ታርጋ ሲለጠፍ እንዴት እንደሚያምር! ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቁጥሩን ይዛችሁ ዲኤምቪን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሌላ ሰው ላይ ካለ ታርጋው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የሚነበብ መሆኑንም እዩ። የዛገና የተጣመመ ታርጋ አይጠቅምም፤ አስመስለው የሚሠሩትን ደግሞ አትግዙ።

ስለ መኪና ታክስም አንድ ቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የሚከፈለው የመኪና ታክስ አለ። ለአንቲክ መኪና ብዙ ቦታ ተቀንሶ ይሰላል፤ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ካውንቲ ነው። ታርጋው ከወጣ በኋላ የካውንቲውን የታክስ ቢሮ ደውላችሁ መኪናው አንቲክ ሆኖ መመዝገቡን አረጋግጡ። የታክሱ ሒሳብ በመደበኛ መኪና ስሌት ከመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

መኪናውን ከውጭ ለማስመጣት የምታስቡም አላችሁ። ከጃፓን ቀኝ መሪ ላንድክሩዘር ያስመጣ ጎረቤት አለኝ። እዚያ ላይ ያለው 25 ዓመት ከታርጋው 25 ዓመት ጋር አንድ አይደለም። ወደ አሜሪካ ሲገባ የፌደራሉን የደኅንነት መስፈርት ለመዝለል 25 ዓመቱ የሚቆጠረው መኪናው ከተሠራበት ወርና ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ የሞዴል ዓመቱን ይዛ ጃንዋሪ 1 ላይ ትቆጥራለች። ስለዚህ ለታርጋው የደረሰ መኪና ወደብ ላይ ገና ሊሆን ይችላል። መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት የተሠራበትን ወር የሚያሳይ ማስረጃ በእጃችሁ ይግባ። ጉምሩክ ላይ የሚሞሉት ኤችኤስ-7 እና የኢፒኤው (የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ) 3520-1 የሚባሉትን ቅጾች አትጣሉ፤ በኋላ ታይትል ስታወጡ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ቃል የገባሁላችሁ የሌላ ስቴት ሰዎች፤ ሜሪላንድና ዲሲ ታርጋውን "ሂስቶሪክ" ነው የሚሉት፤ ቅጹም ደንቡም የራሳቸው ነው። ፔንስልቬንያ አንቲክና ክላሲክ ብላ ሁለት ቦታ ትከፍላለች። አንቲኩ 25 ዓመት ነው፣ ክላሲኩ 15። የመኪናውን ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ይፈልጋሉ። እዚያ ከዝግጅት ውጭ ለሆነ መንዳት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከኛ ይልቅ ቁርጥ ያለ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1922 በኋላ ለተሠሩና 25 ዓመት ለሞላቸው የራሷ የታሪካዊ መኪና ታርጋ አላት። ቴክሳስም 25 ነው።

ክለብ መግባት ግዴታ ነው ወይ የሚለኝም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ግዴታ አይደለም። ይጠቅማል ግን። የአሜሪካ አንቲክ መኪና ክለብ በ1935 የተመሠረተ ነው፤ ኦክቶበር ላይ ፔንስልቬንያ ኸርሺ ውስጥ የሚያደርጉት ስብሰባ ትልቅ ነው። ሜዳው ላይ የማይሸጥ የመኪና ዕቃ የለም። የ404 ፔጆ ፋኖስ ፈልጌ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ለወንድሜ ነበር።

ታርጋው እጃችሁ ከገባ በኋላ የድሮ ታርጋ መኪናው ላይ ካለ ንቀሉት። የሬጅስትሬሽን ካርዱንና የኢንሹራንስ ካርዱን መኪናው ውስጥ አኑሩ። ወደ ትርዒት ስትሄዱ ግብዣውን ወይም የምዝገባውን ወረቀት ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ "ወዴት ነህ?" ለሚለው ጥያቄ ከዚያ የተሻለ መልስ የለም። መኪናውን የሸጣችሁ ቀን ደግሞ ታርጋውን ፈታችሁ ይዛችሁ ቤት ግቡ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ታርጋ የሰው ነው፣ የመኪናው አይደለም። ገዢው የራሱን ያወጣል። መሸጣችሁንም ለዲኤምቪ ያኔውኑ አሳውቁ፤ አለበለዚያ አዲሱ ባለቤት ያለ ታርጋ ለሚሠራው ጉድ ደብዳቤው እናንተ ቤት ይመጣል።